«ነገ» ስለምትባለው ቀን

(በ12ኛ ክፍል ተማሮች ስም በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ተማከርን። አንዱ ስለ አገር ፍቅር ይሁን አለ፤ ሌላው ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን አለ። እነዚህ ታላላቅ ነገሮች ናቸው፤ ዳሩ ግን ባለፉት በዓሎች ከእኛ በተሻሉ ተናጋሮች ተነግረዋል። እኛ የመረጥነው አነስ ያለውን፣ ነገር ግን በየቤቱና በየቀኑ የሚገኘውን ነገር ነው። ይኸውም የዛሬን ሥራ ለነገ የማሳደር ልማድ ነው።

ይህን ልማድ በአማርኛ «ዛሬ ነገ ማለት» እንለዋለን። በኦሮምኛ ደግሞ ነገ «ቦሩ» ትባላለች፤ ቃሉም በገበያው፣ በልብስ ሰፊው ደጃፍ፣ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሲሰማ ይውላል። ልብስ ሰፊው «ነገ ና» ይላል። ደንበኛውም የሰፊውን ነገ ስለሚያውቅ ከነገ ወዲያ ይመጣል። ሰፊው ደግሞ ደንበኛው ከነገ ወዲያ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ በዚያው ቀን ጧት መቁረጥ ይጀምራል። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ሳይጣሉ ሱሪው ለበዓል ሳይደርስ ይቀራል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን «ኢንሻ አላህ» ወይም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሲሉ እንሰማቸዋለን። እነርሱ ይህን የሚናገሩት በቅሎዋን ጭነው፣ ስንቁን ቋጥረው፣ መንገዱን ከያዙ በኋላ ነው፤ የሰውን ድርሻ ፈጽመው የቀረውን ለፈጣሪ መተዋቸው ነው። ወጣቱ ግን ያንኑ ቃል ገና ከመኝታው ሳይነሣ ይናገረዋል።

ብዙ ሰዎች ይህን ልማድ ስንፍና ብለው ይጠሩታል። እኛ ግን ነገሩን ባሰብነው ቁጥር ይህ ስም ልክ መስሎ አልታየንም። ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ ሰው ነው። ሥራውን የሚያሳድር ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሲሠራ ያመሻል፤ የሚሠራው ግን ሌላውን ሥራ ነው። ሒሳብ ሊያጠና የተቀመጠ ተማሪ በዚያ ማታ ጫማውን ይወለውላል፣ ደብተሩን በአዲስ ወረቀት ይለብጣል፣ የታናሽ ወንድሙን እርሳስ ሳይቀር ይቀርጻል፤ ስልክ ያለው እንደሆነ የሩቅ ዘመዶቹን ሁሉ ደኅንነት ይጠይቃል። ይህን ያህል የሚተጋ ሰው ሰነፍ ይባላልን?

ይህን ጥያቄ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ የቡና ማሳ አጥርቶ ይመልሰዋል። የቡና ተክል ባረጀ ጊዜ ቅርንጫፉ ይደርቃል፤ ፍሬውም ያንሳል። መድኀኒቱ ጉንደላ ነው፤ ይኸውም ለቀማው ካለቀ በኋላ በበጋው ወራት ግንዱን ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በሰያፍ መቁረጥ ነው። ከጉቶው ብዙ ቀንበጦች ይወጣሉ፤ ከእነርሱም ጠንካሮቹን ሁለቱን ወይም ሦስቱን አስቀርቶ ሌላውን ማስወገድ ነው። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ዛፍ እንደ ወጣት ተክል ያፈራል። ይህን የግብርና ሠራተኞች ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ገበሬውም ያውቀዋል። ነገር ግን ከጅማ እስከ አጋሮ ባለው 45 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ግራና ቀኙን የሚመለከት ሰው እንደ ሽማግሌ የጎበጡ የቡና ዛፎችን ብዙ ያያል። ባለቤታቸው ቢጠየቅ «ለሚመጣው ዓመት እጎነድላለሁ» ይላል፤ አምናም እንዲሁ ብሎ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ሰነፍ ነው እንበልን? ከዶሮ ጩኸት በፊት የሚነሣ፣ ማሳውን የሚያርም፣ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ነው። ስንፍና የለበትም፤ ይፈራል እንጂ። መጋዙን ባነሣ ጊዜ የሚታየው የሁለት ዓመት ባዶ ጆንያ ነው። ያረጀው ዛፍ ጥቂትም ቢሆን ዘንድሮ ይሰጠዋል፤ የልጆቹ ደብተርና የቤቱ ጨው ከዚያች ጥቂት ይወጣል። ፍርሃቱ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ባሳደረው ቁጥር ዛፉ የባሰ ማርጀቱና ጆንያውም ሳይቆረጥ መጉደሉ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ወደዚሁ አሳብ ደርሰዋል። ፊዩሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት ሰው ሥራውን የሚያሳድረው ጊዜ መቁጠር ስላቃተው ብቻ አይደለም፤ ሥራው ከሚያመጣበት ጭንቀት፣ መሰልቸት ወይም ፍርሃት ለጊዜው ለመገላገል ብሎ ነው። መጽሐፉን ሲዘጋው ልቡ ቀለል ይለዋል። ያች ቅለት ደመወዝ ሆና ትቆጠርለታለች፤ ስለዚህ በማግሥቱም ይዘጋዋል። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሮችን ተመለከቱ። ሥራ የሚያሳድሩት ተማሮች በትምህርቱ ዘመን መጀመሪያ ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው ያነሰ፣ ጤናቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዘመኑ መጨረሻ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ከሌሎቹ በለጠ፤ ያገኙትም ነጥብ አነሰ። መጀመሪያ የተበደሩትን ዕረፍት በኋላ ከነወለዱ ከፈሉት ማለት ነው። በቡና አገር ያደገ ሰው ይህን ብድር በሚገባ ያውቀዋል፤ ቡናው ገና በአበባ ሳለ ገንዘብ የተበደረ ሰው በለቀማ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ይነግሩናልና።

ሥራ ሁሉ እኩል አይጣደፍም። አጥሩን የሚያድስ ሰው ሳምንት ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም። አንዳንዱ ነገር ግን የራሱ ሰዓት አለው። እሸት ቡና ቀልቶ ሳይለቀም ቢቆይ በዛፉ ላይ ይደርቃል ወይም መሬት ላይ ይረግፋል። ለመታጠብ የተለቀመውም በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት፤ በጆንያ ታስሮ ካደረ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ከተፈለፈለ በኋላም በማድረቂያው አልጋ ላይ እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 እስኪደርስ ድረስ በየጊዜው መገላበጥ ይፈልጋል። በአጋሮ አካባቢ በጎማ ወረዳ የሚገኘው ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለዚህ ምስክር ነው። ቀድሞ የዚያ አገር ቡና ብዙው ከነገለባው እየደረቀ በዝቅተኛ ደረጃ ይሸጥ ነበር። ገበሬዎቹ የእጥበት ጣቢያ አቁመው ቀይ እሸት ብቻ እየለቀሙ፣ በቀኑ እየፈለፈሉ ቢሠሩ በ2012 እ.ኤ.አ. ቡናቸው በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ተራራውም ጥላውም ያው የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው በለቀማውና በመፈልፈሉ መካከል ያለው ሰዓት፣ የእጁም ጥንቃቄ ነው።

በእኛ በተማሮች ላይም እንዲህ ያለ ሰዓት ተቆርጦብናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ያህል ተማሮች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው። በተከታዩ ዓመት የተፈተኑትም ዕጣ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ይህ ሁሉ ዛሬ ነገ በማለት የመጣ ነው ብንል ሐሰት እንናገራለን። የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ በብዙ አገር ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜ ነበር፣ ከታች ክፍል ጀምሮ የተከማቸ ጉድለትም አለ። ነገር ግን እነዚያን እኛ ዛሬ ማታ ልንለውጣቸው አንችልም፤ የ9ኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ ከሣጥን ማውጣት ግን እንችላለን። ማውጣቱንም የምናሳድረው ስለምንፈራው ነው። በ12ኛ ክፍል ቁጭ ብሎ የ9ኛን አለማወቅ ያሳፍራልና።

በዚህ ስፍራ ከጅማ የማይርቅ አንድ ታሪክ እናንሣ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያበሰብስ በሽታ ነው፤ በእርጥበታማው በምዕራቡ አገርም ብዙ ማሳ አጠፋ። አዲስ ዘር አዳቅሎ ማውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል። በመልኮ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ የነበሩ ሠራተኞች ግን ፍጹም የሆነውን ዘዴ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በሽታው በጠናበት ማሳ መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ ይኖራል ብለው በየጫካውና በየማሳው እየዞሩ ፈለጉ፤ ያገኙትንም ዘሩን ወስደው ፈተኑት። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች ከዚያ ፍለጋ የተገኙ ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበት የ1974 እ.ኤ.አ. ምልክት ነው። በሽታው ከታየ አሥር ዓመት ሳይሞላ ለገበሬው ተሰጡ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌ ለመጠቀም ጊዜው አልፎ ነበር፤ እሳቱ ተነሥቶ ነበርና። ቢሆንም በእጃቸው ባለው ቅጠል ጀመሩ።

ታዲያ የሚፈራ ሰው እንዴት ይጀምራል? «በርታ» የሚለው ምክር ብቻውን እንደማይበቃ እናንተም ልጆቻችሁን ስትመክሩ ሳታዩ አትቀሩም። ብልኆቹ ገበሬዎች ጉንደላን የሚያደርጉበትን መንገድ እንመልከት። ማሳውን በሙሉ በአንድ በጋ አይቆርጡትም፤ በሦስት ወይም በአራት ከፍለው በየዓመቱ አንዱን ክፍል ይጎነድላሉ። የቀረው ማሳ በዚያ ጊዜ ቤቱን ይመግባል። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሰው ሊሸከመው እስኪችል ድረስ ተከፈለ። ሦስት መቶ ገጽ የሚያስፈራው ተማሪም አራት ገጽ አያስፈራውም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓትና ቦታ መቁረጥ ነው። ፒተር ጎልቪትዘርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የጀርመን ተማሮችን በገና ዋዜማ ያሳለፉትን እንዲጽፉና በሁለት ቀን ውስጥ እንዲልኩ አዘዟቸው። በበዓል ቀን የቤት ሥራ ማዘዝ ጭካኔ ይመስላል፤ እነርሱ ግን ሆን ብለው ነው። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከአራት ሦስቱ ያህል ጻፉ። ካልወሰኑት ግን የጻፉት ከሦስት አንዱ ያህል ናቸው። «አጠናለሁ» የሚል ተማሪና «እራት በልቼ ሳህኑ እንደ ተነሣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ አጠናለሁ» የሚል ተማሪ አንድ አይደሉም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በደወል ላደግን ለእኛ ይህ ቀላል መምሰል ነበረበት። ደወል ግን የሌላ ሰው ሰዓት ነው፤ ደወሉ የማይሰማበት ቤት ስንገባ የራሳችንን ማቆም ሊኖርብን ነው። ብቻውን ሰዓት ማቆም የሚከብደው ከሌሎች ጋራ ይቁረጥ። በአባ ጅፋር ዘመን በሒርማታ ታላቁ ገበያ ሐሙስ ይቆም ነበር። ነጋዴው ቢደክመውም ሐሙስን ወደ ዓርብ ሊያሳድራት አይችልም፤ ሐሙስ የሁሉ ነበረችና።

ለወላጆቻችን አንዲት ልመና አለችን፤ በድፍረት አትቁጠሩብን። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን በክፍላችን ብዙ ወንበር ባዶ ይሆናል። ቡናው እንደማይጠብቅ አሁን የተናገርነው እኛው ነን፤ እጃችን እንደሚያስፈልጋችሁም እናውቃለን። ነገር ግን «ከለቀማው በኋላ ትማራለህ» የተባለ ልጅ ሲመለስ ትምህርቱ ሩቅ ሄዶ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ መጽሐፉን መፍራት ይጀምራል፤ ከፈራም ያሳድረዋል። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ሙሉውን፣ ሌላውንም ቀን ከሰዓት በኋላ ውሰዱን፤ ጧቱን ግን ተዉልን።

በእኛ በኩል የ12ኛ ክፍል ተማሮች ተማክረን ይህን ወስነናል። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ጧት የመጀመሪያው ደወል ከመደወሉ ሠላሳ ደቂቃ በፊት በቤተ መጻሕፍቱ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። የምንጀምረው ሁሉም በሚሸሸው በ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነው፤ በቀን አራት ገጽ። መጽሐፉ ስድስት ብቻ ስለሆነ ለሁለት ለሦስት እንይዘዋለን። የ11ኛ ክፍል ተማሮችም መምጣት ትችላላችሁ፤ ወንበር ባይበቃ ግን ከክፍላችሁ ይዛችሁ ኑ።