ለሕፃናት የሚገዛ ዕቃ በምን ይመዘናል?



ወላጅ ለልጁ መጫወቻ ሲገዛ አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለሙን፣ ድምፁንና ዋጋውን ነው። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን ልጅን የሚያስደስት ዕቃ ሁሉ ልጅን የማይጎዳ ነው ማለት አይቻልምና፣ ዛሬ የምናገረው የአንድን ዕቃ አደጋ አስቀድሞ ስለ መመርመር ነው።

የምርመራው መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን ሠሪው ባሰበው አኳኋን ሳይሆን ሕፃኑ በሚይዘው አኳኋን መመዘን ነው። ሠሪው ትንሿን መኪና የሠራት እንድትነዳ ነው፤ ሕፃኑ ግን በመጀመሪያ ይልሳታል፣ ቀጥሎ ይጥላታል፣ በመጨረሻም ጎማዋን ነቅሎ ወደ አፉ ይከታል። ይህ የሕፃኑ ጥፋት አይደለም፤ ሕፃን ዓለምን የሚመረምረው በእጁና በአፉ ነውና።

በአሜሪካ አገር ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሚሠራ መጫወቻ የሚፈተንበት፣ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር የመለኪያ ቱቦ አለ። መጫወቻው ወይም ከእርሱ የተነቀለ ቁራጭ ሳይጨመቅ ጠቅልሎ ከገባበት፣ ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል ተብሎ ይከለከላል። ይህ መለኪያ በቤታችን ባይኖር የሶፍት ወረቀት የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ሊያገለግለን ይችላል። እርሱ ጥቂት ሰፋ ስለሚል፣ በውስጡ የሚያልፈውን ሁሉ ከሕፃን ማራቅ ጥንቃቄን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከጥቃቅን ነገሮች ሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነው ባትሪ ነው። በተለይ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነው በሕፃን የምግብ ቧንቧ ውስጥ ሲቀረቀር፣ ከእርጥበቱ ጋር ተገናኝቶ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስተላልፋል፤ በዚህም የሚፈጠረው የሚያቃጥል ነገር በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። መሣሪያውን ማንቀሳቀስ አቅቶት አለቀ የተባለው ባትሪ እንኳ ለዚህ ጉዳት የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል።

ይህ ባትሪ የሚገኘው በመጫወቻ ብቻ አይደለም። በሪሞት፣ በሚዛን፣ በሚዘምር የልደት ካርድም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በአሜሪካ የወጣው ሕግ፣ ከሪሞት የወጣ ባትሪ ውጣ በሞተች የ18 ወር ሕፃን ስም የተሰየመ ነው። ሕጉ የባትሪው ክዳን ያለ መሣሪያ ወይም በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ የእጅ እንቅስቃሴ ሳይደረግ እንዳይከፈት ያዝዛል። ሕፃኒቱን የጎዳት ዕቃ ለልጅ የተሠራ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በቅርቡ እኔ ራሴ ለልጄ የምታበራ መኪና ልገዛ ከአንድ ሱቅ ገብቼ የባትሪውን ክዳን በጥፍሬ ብነካው ወዲያው ተከፈተ። ባለ ሱቁ ስቆ «ጌታዬ፣ ባትሪ ለመቀየር ይመቻል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ለእኔ የሚመች ለልጄም ይመቻል። መልሼ አስቀምጬ፣ ክዳኑ በብሎን የታሰረውን ሌላውን ገዛሁ።

እንግዲህ ስንገዛ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ምኑ ይነቀላል? የተነቀለው በአፍ ይገባል? ክዳኑ ያለ ካቻቢቴ ይከፈታል? ያለቀውንም ባትሪ በፕላስተር ጠቅልለን ልጅ ከማይደርስበት እናርቅ። ሕፃን ባትሪ ውጧል ብለን ብንጠረጥር፣ ምልክት እስኪታይ ሳንጠብቅና ልናስታውከው ሳንሞክር ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ፈጥነን እናድርሰው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በሱቅ ደጃፍ የምናጠፋት አንዲት ደቂቃ የልጅ ሕይወት ልታተርፍ ትችላለችና።