መድኃኒትና ማደሪያ



በዚህ የደስታ ቀን ልናገርለት የመረጥሁት ነገር በየዕለቱ በመንገዳችን ላይ የምናየው ነው። ይኸውም ለብዙ ዓመታት በጎዳና የሚያድሩት ሕሙማን ነገር ነው።

ብዙ ሰው «አስቀድሞ ይዳኑ፤ ቤቱ ኋላ ይደርሳል» ይላል። ነገር ግን የተለመደው የሳምባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው፤ የስኳር በሽተኛ የሚወጋው ኢንሱሊንም ከሙቀት መጠበቅ አለበት። በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ታዲያ መድኃኒቱን የት ያኖረዋል? ደግሞም በከተማችን በአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ ከቤት ቁጥር ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ቤት የሌለው ሰው ለድኾች የተፈቀደውን ነፃ ሕክምና እንኳ ለማግኘት ይቸገራል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ጸምበሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ዐዋቂ በኒው ዮርክ ከተማ ይህን አሠራር ገለበጡት። በጎዳና ለኖሩ የአእምሮ ሕሙማን «መጀመሪያ ዳኑ፣ መጠጥም ተዉ» ሳይሉ አስቀድመው ማደሪያ ሰጧቸው፤ የሕክምና ሠራተኞችም ከዚያ በኋላ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ረዷቸው። ካናዳም ከ2009 እስከ 2013 በ5 ከተሞች ከ2,000 በሚበልጡ ሰዎች ይህንኑ ስትመረምር፣ አስቀድሞ ቤት የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ በቤታቸው ጸንተው ተገኙ። እርግጥ ቤት ብቻውን በሽታን አያድንም፤ ሐኪሙ ግን በሽተኛውን የሚያገኝበት ደጅ ይሆናል።

«ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሕዝብ መዋጮ እየተረዳ፣ ከጎዳና ላነሣቸው ወገኖች ማደሪያውን፣ ምግቡንና ሕክምናውን በአንድነት ይሰጣል። አባቶቻችንም ቢሆኑ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለውን ሰው በደጅ አያሳድሩም ነበር። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ቁስሉን አስሮለት በመንገድ ላይ ትቶት አልሄደም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ 2 ዲናር ከፈለለት እንጂ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን። ከመካከላችን ሐኪም የሚሆን፣ የመድኃኒት ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት በሽተኛውን «ዛሬ የት ታድራለህ?» ብሎ ይጠይቅ። በማዘጋጃ ቤት የሚሠራም፣ የቤት ቁጥር የሌለው ሰው የሚመዘገብበትን መንገድ ይፈልግ። መሐንዲስ የሚሆንም፣ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ደኅና ማደሪያ ያስብ። ለዚህ ሥራ እግዚአብሔር ይርዳን።