ጨዋታው ሥራ ፈትነት አይደለም

አድማጮቻችን፣ ይህንንም ገጽ ፊደል እየለያችሁ የምታነቡ ወላጆች፣ እኔ አሰላ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዛሬ ስለ ልጆቻችሁ የትምህርት ቀን እንነጋገራለን።

አንድ አባት «ልጄን ትምህርት ቤት ብልከው ጠጠር ሲጫወት ዋለ፤ ጠጠሩንማ ከብት ሲጠብቅም ይጫወተዋል» አሉኝ። ነገሩ ቀላል አይደለም። በአጨዳ ወራት አንድ ልጅ ከቤት ሲጎድል ምን ማለት እንደሆነ ገብስ ያጨደ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ተምሮ ካልመጣ ለምን ይላካል? ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

ጠጠሩ የገበጣ ጠጠር ነው። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ እንቆፍራለን። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር እንጨምራለን። ልጁ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት «የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?» ብሎ ያስባል። ማንም ሳያዘው ደመረ፣ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚያ ደብተር እናወጣና 12 ጉድጓድ በ4 ሲባዛ 48 ብለን እንጽፋለን። የማባዛት ሠንጠረዡን በቃል ማጥናት ግን አይቀርም። እኔም አላስቀርም!

ጠዋትንም አስቡት። የጭላሎ ውርጭ ያደነዘዘው ጣት እርሳስ አይጨብጥም። ሩቅ መንገድ የመጣ ልጅ ደክሞታል። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ሲማር በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ይሄድ ነበር፤ ሮጦም ይመለስ ነበር። ኋላም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ ግራ እጁን ደብተር እንዳቀፈ ሰው አጠፍ ያደርግ ነበር። ልጅ ሁሉ ግን ኃይሌ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ እናጨበጭባለን፣ እንዘላለን፣ እንዘፍናለን። ደም ሲሞቅ ፊደሉ ይመጣል።

ከሁሉ የምወደው እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» እንባባላለን። በኦሮምኛም ሂቦ አለ፤ ልጆቹ ከአያቶቻቸው ይዘውት ይመጣሉ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ ኋላ 15 ደረሰ። ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ቶሎ ይማራላ! ልጅም እንዲሁ ነው። አንዷ ተማሪ ታዲያ የራሷን ፈጠረች። «ጠዋት ነጭ ጋቢ ይለብሳል፤ ረፋድ ላይ ያወልቃል» አለች። ማንም አላወቀውም። አገር ሰጠናት። ለካ ጉም የለበሰው ጭላሎ ነው! «ጭ»ን መጻፍ አቅቷት የሰነበተችው ልጅ በዚያን ቀን መልሱን ሰሌዳው ላይ ራሷ ጻፈችው።

ስለ ሩጫና ስለ ኳስ ብዙ አልልም። የበቆጂን ሰዎች ጠይቁ። ስንታየሁ እሸቱ እዚያ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ በልጅነቷ በእሳቸው እጅ አልፋለች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም እንዲሁ። የስፖርት ክፍለ ጊዜን እንደ ትርፍ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል?

ገንዘብ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ፊደል በጭቃ ይሠራል። ሥዕል በከሰል ይሣላል። ርዝመት በገመድ ይለካል። ቁጥር በገብስ ፍሬ ይቆጠራል፤ ገብስ ደግሞ አርሲ ላይ አልጠፋም። አንድ እፍኝ ይበቃል። ልጁ ሲጠይቃችሁ «አስተማሪው በእህል ይጫወታል» ብላችሁ አትቆጡት። ማታ ጠርጎ ለቅሞ ይመልሰዋል፤ ለዶሮዎቹ ይሆናል።

ሌላም ልመና አለኝ። ማታ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉት። «ዛሬ ምን ሠራህ? እስቲ አሳየኝ» በሉት። እናንተም ፊደል እየቆጠራችሁ ስለሆነ አብራችሁ ጻፉት፤ ማን እንደሚቀድም እናያለን።

ተረት የምታውቁ እናቶችና አባቶች ደግሞ አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ብቅ በሉ። እናንተ ታወራላችሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ እኔ ፊደሉን አርማለሁ። ወንበር ቢጠብም ከልጆቹ ጋር አግዳሚው ላይ እንጠጋጋለን።