ብስክሌትን በትከሻ ስለ መሸከም

(በትምህርት ቤታችን የኀምሳኛ ዓመት በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንዱ በአዳራሽ የተነገረ)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ እስፖርት ጥቂት እንድንናገር ባዘዙን ጊዜ፥ ስለ እግር ኳስ እንደምንናገር ያሰቡ ይመስለናል። ስለ እግር ኳስ የሚናገር ሰው ግን በከተማችን ታጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ስለ ብስክሌት፥ ከብስክሌትም እሽቅድድም መካከል ሳይክሎክሮስ ስለሚባለው፥ በእርሱም ምክንያት በ2017 ዓ.ም. ክረምት ስላገኘን ነገር ለመናገር ፈቃድ ጠየቅን። መምህራችን ፈቃዱን የሰጡን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ ነውና፥ ከአሁኑ ይቅርታቸውን እንለምናለን።

«እኛ» ስንል አምስት ነን፤ አራት ወንዶችና አንዲት ሴት። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረን ያደግን ስለ ሆነ፥ አንዳችን ያጠፋነውን ጥፋት ሁላችን መካፈል ከልጅነታችን የለመድነው ነው።

ሐዋሳ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ መሆኗን የምታውቁት ነው። መንገዶቿ ሰፋፊና ሜዳ ናቸው፤ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ጥቁር ውኃ ለሚሄድ ሰው ዳገት የሚባል እምብዛም አያጋጥመውም። ብዙዎቻችን መንዳት የተማርነው በደቂቃ ሒሳብ በሚከራይ ብስክሌት ነው። ኮርቻው ላይ ብንቀመጥ እግራችን ፔዳሉን ስለማይደርስ፥ አንዱን እግር በብረቱ መካከል አሳልፈን፥ ወገባችንን አጣመን፥ ጎን ለጎን እንደሚሄድ ሰው ሆነን እንነዳ ነበር። አከራዩ ደቂቃውን አጥብቆ ይቆጥር ስለ ነበር ብንወድቅ እንኳ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረንም።

ካደግን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን መንዳት ጀመርን። አንዳንድ ቀን አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ አጥማጆቹን ስናይ፥ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ስንስቅ እንውላለን። አንድ ጊዜ እስከ ወንዶ ገነት ሄድን። ዳገቱ ላይ ሦስታችን ወርደን ገፋን፤ ሁለቱ ግን ሳይወርዱ ወጡ። ከሁለቱ አንዷ እኅታችን ነበረች፤ ይህንንም እንዳንዘነጋ በየሳምንቱ ታስታውሰናለች። ፍል ውኃው ዘንድ ደርሰን የያዝነውን ዳቦና ሻይ ስንጨርስ፥ ከዚያ ቀን የተሻለ ቀን በሕይወታችን ያለ አልመሰለንም ነበር። እንግዲህ የብስክሌት ደስታ ይህ ነው፤ ማንም ማንንም አይቀድምም፥ ቀድሞ የደረሰ ቢኖርም ተቀምጦ የቀሩትን ይጠብቃል።

እሽቅድድም የገባብን በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ላይ፥ እ.ኤ.አ. በ2025 በፈረንሳይ አገር በሊየቫ ከተማ የተደረገውን የዓለም የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮና አሳየን። የሆላንዱ ማቲው ቫን ደር ፑል በዚያ ቀን ሰባተኛ የዓለም ማዕረጉን ወሰደ። እኛ ግን የተደነቅነው በማዕረጉ አይደለም። ብስክሌተኞቹ ጭቃ ውስጥ ሲደርሱ እየዘለሉ ወርደው፥ ብስክሌታቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፥ ዳገቱን በሩጫ ወጥተው፥ እንደገና እየዘለሉ ሲቀመጡ አየን። ብስክሌት ሰውን ይሸከማል ሲባል ሰምተናል፤ ሰው ብስክሌትን ተሸክሞ ሲሮጥና ሕዝብም ሲያጨበጭብለት ግን የመጀመሪያችን ነበር።

ታሪኩን ስንፈልግ ያገኘነው እንዲህ ነው። ይህን እሽቅድድም ያቋቋመው ዳንኤል ጉሶ የተባለ ፈረንሳዊ ወታደር ሲሆን፥ በፈረስ ከሚሄዱ መኮንኖች ጋር በጫካ ውስጥ በብስክሌት ይሄድ ነበር ይባላል። የፈረንሳይ የመጀመሪያው ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1902 ተደረገ። ኦክታቭ ላፒዝ የተባለው እሽቅድድመኛ በዚህ ጭቃ ላይ ከተለማመደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1910 ቱር ደ ፍራንስን ባሸነፈ ጊዜ፥ ነገሩ የብዙ ሰው ዓይን ሳበ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲደረግ ያሸነፈው ዣን ሮቢክ፥ እርሱም ቀደም ሲል በ1947 የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤልጆች ነገሩን እንደ ርስታቸው ያዙት፤ ኤሪክ ደ ቭላሚንክ ብቻውን ከ1966 እስከ 1973 ድረስ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ዘግይተው ቢጀምሩም የሆላንዷ ማሪያነ ቮስ እስከ 2022 ድረስ ስምንት ጊዜ አሸንፋለች። ይህን ቁጥር ያስገባችው እኅታችን ናት፥ እንዳይቀርም ቆማ አስጽፋናለች።

ሥርዓቱም ቀላል ነው። እሽቅድድሙ በመኸርና በብርድ ወራት፥ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ዙር ላይ ይደረጋል፤ በዙሩ ውስጥ ሣር፥ አሸዋ፥ ጭቃ፥ ደረጃና የሳንቃ መሰናክል ይገኛል። የሳንቃው ቁመት ከ40 ሳንቲ ሜትር፥ የጎማው ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ታላላቆቹ አንድ ሰዓት ያህል፥ በእኛ ዕድሜ ያሉት ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ይሽቀዳደማሉ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ደወል ይመታል። ጎማውን በአየር አጥብቆ መንፋት በአስፋልት ላይ ይጠቅማል፤ በጭቃ ላይ ግን አየሩ ሲቀንስ ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ ስለሚይዝ አያንሸራትትም። እጅግ ቢቀንስ ደግሞ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪውን ይበሳዋል። ይህን ሁለተኛውን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎሚስታው ደጅ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ስለ ሄድን በመጨረሻ ሒሳቡን በዱቤ ያዘልን።

ከሥርዓቱ ሁሉ አንዱን ግን አይተን እንዳላየን አለፍነው፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ዝናሙ በበረታበት ሰሞን ከታቦር ተራራ ሥር ባለ ባዶ መሬት ላይ መንገድ አበጀን። በእንጨትና በአሮጌ ገመድ ከለልነው፤ አንድ ግንድ አጋደምን፥ በማስመሪያም ለካነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ከግንዱ በኋላ ቦይ ነበረ። ቦዩን ማንም አልለካውም።

በእሽቅድድሙ ቀን ከአምስታችን የአንዱ ብስክሌት ካቴናው ተበጠሰ። ያለ እርሱ መጀመር አልወደድንም። አባቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዕቃቸውን በሣጥን አድርገው ከኋላ ባለው መጫኛ ላይ እያሰሩ፥ ቤት ወደሚሠራበት ሁሉ የሚሄዱት በብስክሌት ነው። በዚያን ቀን እሑድ ስለ ነበር ተኝተው ነበር፤ ብስክሌቱም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ልጃቸው «ይቆጣሉ» አለ። እኛ «ሳይነሡ እንመልሰዋለን» አልነው። ይህን ቃል ማን እንደ ጀመረው እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ ነገር ግን ዝም ያለ ሰው እንዳልነበረ ሁላችን እናምናለን።

ሁለት ዙር በደኅና ሄድን። ወንድማችን ያን ከባድ ብስክሌት ተሸክሞ ግንዱን ሲሻገር ከሁላችንም ኋላ ቀርቶ ነበር። በሦስተኛው ዙር ሊደርስብን ፈልጎ፥ እንደ ሌላው ሰው ሳይወርድ፥ ቦዩን በፍጥነት ልዝለል አለ። ድምፁን ሰምተን ዞርን። እርሱ አገጩ ተፍቆ ጭቃ ውስጥ ተቀምጧል፤ የፊተኛው ቸርኬ ተጣሞ፥ ጎማውን የሚይዘው ሹካም ወደ ኋላ ተቀልብሷል።

እየገፋንና እየተሸከምን ወደ ጠጋኙ ወሰድነው። በዚያ ቀን ብስክሌት በትከሻ መሸከም ደስታው የት እንደ ነበረ ጠፋን። ጠጋኙ ቸርኬውን እንደ ምንም አቃናው። ሹካውንም በመዶሻ እየመታ ካቃናው በኋላ በጣቱ ዳሰሰና፥ «ለዓይን ደኅና ነው፤ የታጠፈ ብረት ግን የታጠፈበትን ቦታ አይረሳም። አንድ ቀን ይለቃል» አለን። መቼ ብለን ጠየቅነው። «ዕቃ የተጫነበት ቀን» አለ።

አሁን የምንናገረው ለመናገር የሚያሳፍረንን ነው። ለዓይን ደኅና ነው ያለውን ቃል ብቻ ይዘን ተነሣን። አጥበን፥ ደርቆ እንዲታይ በጨርቅ ወልውለን፥ በነበረበት ግድግዳ ልናስደግፈው ተስማማን። በመንገድም ማንም አልተናገረም። በር ስንደርስ እኅታችን ቆመችና «ነገ ጧት በ12 ሰዓት ሣጥናቸውን ጭነው በአደባባዩ ያልፋሉ፤ ከኋላቸው አይሱዙ ይመጣል» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብስክሌቱን ከእጃችን ተቀብላ በፊት ለፊት በር ገባች፤ እኛም ተከተልናት።

ጋሼ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርናቸው። አስቀድመው የልጃቸውን አገጭ ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፥ ጥርሱን ቆጠሩ። ከዚያ ብስክሌቱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ሹካውን ዳሰሱት፤ ጠጋኙ በዳሰሰበት ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ቁጣቸውን ስንጠብቅ «ይሠራል፤ ነገ ግን እኔ በምን እሄዳለሁ?» አሉን።

ያለፍነው ሥርዓት ይህ ነው። በሳይክሎክሮስ የብስክሌት መለወጫ ቦታ አለ። የአንድ ሰው ብስክሌት በጭቃ ሲያዝ ወይም ሲሰበር ወደዚያ ገብቶ ሁለተኛውን ይወስዳል፤ በዙሩም እስኪመለስ ድረስ ረዳቱ የፊተኛውን አጥቦ ይጠብቀዋል። በፊልሙ ላይ ውኃ የሚረጩትን ሰዎች አይተን ስቀናል። ለጋሼ ግን ሁለተኛ ብስክሌት የሚያቀብላቸው ሰው የለም። ከመካከላችን የአንዱ እናት ዘወትር «ብስክሌት እንጀራ አይሆንም» ይሉናል፤ በጋሼ ቤት ግን እንጀራው የሚመጣው በዚያው ብስክሌት ላይ ነበር።

አዲስ ሹካና ቸርኬ እስኪገዛ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀኖች ተራ ገብተን ጧት በ12 ሰዓት ከበራቸው ቆምን። ሣጥኑን አንዱ ይጭናል፤ ጋሼን ሌላው ከኋላው ያስቀምጣል። ሰው ጭኖ በዝናም መንዳት ምን እንደ ሆነ ያልሞከረ አይፈርድም፤ መሪው ይቀልላል፥ ፍሬኑ ይዘገያል፥ ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ ትሰማለች። ጋሼ ከኋላ ሆነው «ቀስ፥ ከመሐል ውጣ፥ ያን ባጃጅ እይ» እያሉ ያስተምሩናል። በሰባተኛው ቀን ሣጥኑን የጫነው ልጅ ቸኩሎ ሲነዳ አስቆሙትና ከፍተው አሳዩት፤ የመለኪያው መስተዋት ተሰንጥቋል። በጥፋታችን ላይ ይህ ተጨመረ። ዕዳውን ለመክፈል ክረምቱን የጎረቤት ልጆች አስጠናን፤ አንዱ የኳስ ጫማውን ሸጠ። የመጨረሻውን የከፈልነው ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው።

ወላጆቻችን ከዚህ በኋላ ብስክሌት ይቅር ማለታቸው አልቀረም፤ የመንገዱንም አደጋ ስለሚያውቁ ፍርሃታቸውን አንንቅም። ነገር ግን በዚያው መስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ላይ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፥ በኪጋሊ ተደረገ። በጋሼ ቤት ተሰብስበን አየነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማልያ እንደ ወሰደ፥ የእኛም ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በዚያ እንደ ተሽቀዳደመ ነገርናቸው። ጋሼ «እናንተ ሳትወለዱ፥ እኔም ሳልወለድ፥ በሜልቦርን ኦሊምፒክ በ1956 ኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ልካለች» ብለው አሳፈሩን። ያንን ከማን እንደ ሰሙት ስንጠይቃቸው፥ ብስክሌታቸውን የሸጡላቸው ሽማግሌ እንደ ነገሯቸው ተናገሩ።

ጋሼ ዛሬ በዚህ አዳራሽ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለ ለመኑን አልጠራንም፤ እባካችሁ ዞራችሁ አትፈልጓቸው።

አሁን ማስታወቂያ ብቻ ቀርቶናል። ዛሬ ከቀኑ በ9 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጀርባ አምስት ዙር እንሽቀዳደማለን። ቦይ የለበትም፤ የእስፖርት መምህራችን መሬቱን ዞረው አይተዋል። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መግባት የሚፈልግ ካለ የራሱን ብስክሌት፥ የራሱ ከሌለውም ባለቤቱ በእጁ የሰጠውን ይዞ ይምጣ። የብስክሌት መለወጫ ቦታም አለን፤ ሁለት ባልዲ ውኃና ጠጋኙ እስከ ማታ ያዋሰን አንድ ብስክሌት ተዘጋጅቷል። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ የትምህርት ቤቱን ደወል የሚመቱት ጋሼ ናቸው።