እባብ በማሳና በጎተራ አካባቢ፦ ጠቀሜታውና ጥንቃቄው



«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። በዚህ ፍርሃት የተነሳ በማሳችን የታየ እባብ ሁሉ ይገደላል። ነገር ግን እባብ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ እህላችንን ከአይጥ ይጠብቃል፤ ሌላው ሕይወት ያጠፋል።

ቡናማው የቤት እባብ መርዝ የለውም። ቀጭን ነው፤ ርዝመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም። በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ፣ በዓይኑ በኩል የሚያልፍ ገርጣ ያለ መስመር አለው። ቀን ተደብቆ ይውልና ማታ አይጥ ፍለጋ ይወጣል። ምላሱን የሚያወጣው ለመንደፍ ሳይሆን ሽታ ለመልቀም ነው። አይጡን ተጠምጥሞ በመጭመቅ ይገድልና ሳያኝክ ይውጠዋል። አይጥ ጉድጓድ ድረስ ገብቶ ልጆቿንም ይበላል። ሴቷ ከ8 እስከ 15 የሚሆኑ እንቁላሎች በብስባሽ ወይም በኩይሳ ውስጥ ትጥላለች።

እፉኝት ግን ሌላ ነው። አጭርና ወፍራም፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። እንቁላል አይጥልም፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ልጆች በአንድ ጊዜ ይወልዳል። ሰው ሲመጣ እንደ ሌሎቹ አይሸሽም። መልኩ ከአፈርና ከደረቅ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል ባለበት ተጋድሞ ይቀራል፤ የሚነድፈውም ብዙውን ጊዜ ሲረገጥ ነው።

ስለዚህ፦

1. የእባቡን ዓይነት በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ አትቅረቡት፣ አትንኩት፤ መውጫ ተዉለት።
2. የድንጋይና የእንጨት ክምር ከቤትና ከጎተራ አርቁ። አይጥ የሌለበት ግቢ እባብ ብዙም አይስብም። የማሳ ዳር እባብ ግን የአይጥ ጠላት ነውና ተዉት።
3. በአጨዳ ጊዜ ቦት ጫማ አድርጉ፤ ነዶ ከማንሳታችሁ በፊት በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ። ማታ ያለ ባትሪ አትውጡ።
4. ሰው ከተነደፈ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅስ፣ ቀለበትና አልቦ አውልቃችሁ፣ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድም አጥብቃችሁ አትሰሩ።

ከብት የሚጠብቁት በባዶ እግራቸው የሚውሉ ልጆቻችን ናቸው። ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ ይህን ትምህርት አስቀድማችሁ ለእነሱ፣ ቀጥሎም ለጎረቤቶቻችሁ አድርሱ።