ስለ ሱስ በሥዕል እንነጋገር
በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በሙየንጋ የተደረገ ንግግር





ማኅበራችን ስለ ሠራቸው መልካም ሥራዎች ብዙ ተነግሯል። እኛ በንግድ የተሰማራን አባላት ደግሞ በየቤቱ ስላለ፣ በአደባባይ ግን ስለማይነሳ ጉዳይ እንናገራለን። ጉዳዩ ሱስ ነው።

ከሙየንጋ ቁልቁል ወርደን ካባላጋላ ስንደርስ መጠጥ ቤቱ በር ለበር ነው። ልጆቻችን የሚያድጉት በዚህ መካከል ነው። የኡጋንዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 በትንንሽ ፕላስቲክ የሚሸጠውን አረቄ አግዷል። በ2023 በፓርላማ የጸደቀው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግም ጫትን ከተከለከሉት ነገሮች መድቦታል። ሕግ ግን መሸጫውን ይዘጋል እንጂ በሱስ የተያዘውን ሰው አያድንም።

ለቅሶ ሲሆን እንሰበሰባለን፤ ሠርግ ሲሆን እንጠራራለን። ስለ ሱስ ግን እያንዳንዳችን በር ዘግተን እናለቅሳለን። ማኅበረሰባችን ትንሽ ስለሆነ «የእነ እገሌ ልጅ» መባል ያስፈራል። እናት ትደብቃለች፣ አባት ዝም ይላል፣ ልጁም ይጠፋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው።

ወጣቶቻችን ታዲያ አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ሱስ ለያዛቸው ሰዎች ማገገሚያ ለሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ዘመቻ አጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞችን እንሥራ ብለዋል። «ካርቱን የልጅ ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በአገራችን «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የካርቱን ፊልም ስለ ወር አበባና ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ማለትም አፍ አውጥተን ስለማንናገረው ነገር፣ ለልጆች አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጀርመናዊው አንድሪያስ ሂካዴ «ነጌትስ» የተባለ የአምስት ደቂቃ ያህል ፊልም ሠርቷል። አንዲት ወፍ መንገድ ላይ ወርቃማ ነገር አግኝታ ትቀምሳለች፤ ትበራለችም። ደጋግማ ስትቀምስ በረራው እያጠረ፣ አወዳደቁ እየከፋ፣ መንገዱም እየጨለመ ይሄዳል። ንግግር የለበትም፤ ሆኖም አማርኛ የሚያውቅም ሉጋንዳ የሚያውቅም እኩል ይረዳዋል።

ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በሥዕል የተሠራ ሰው የማንም ልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር አባላቱ ስማቸው ሳይገለጥ እንዲናገሩ ያደረገው ሰው ሳያፍር እውነቱን እንዲያወጣ ነው። አኒሜሽንም እንዲሁ ነው። ያገገመ ሰው ድምፁን ይሰጣል፤ ፊቱን ግን ሥዕሉ ይሸፍንለታል።

ሥራው ሲጀመር ልናስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ፊልሙ አጭር ይሁን። በሰከንድ 12 ሥዕል ቢያስፈልግ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ማለት ነው። ኮምፒውተር ቢያግዝም ድካሙ ቀላል አይደለም። በሥዕሉ ላይ ጽሑፍ ካልገባበት ድምፁን ብቻ ቀይሮ በአማርኛ፣ በሉጋንዳና በእንግሊዝኛ ማቅረብ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ በሱስ የተያዘውን ሰው ጭራቅ አድርገን አንሳል። ራሱን ጭራቅ ሆኖ ያየ ሰው እርዳታ አይጠይቅም። ብርጭቆውንና የጫቱን እንጨትም አቅርበን አናሳይ፤ ለማቆም የሚታገለውን ሰው አምሮቱን ይቀሰቅስበታል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም በላይ፣ «ዛሬውኑ ወርውረህ ተው» ብለን አንምከር። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ የፊልሙ መጨረሻ ወደ ሐኪም የሚወስድ መንገድ መሆን አለበት። እዚሁ ካምፓላ የቡታቢካ ብሔራዊ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ለመጠጥና ለዕፅ ሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጽሑፉንም ከመሳሉ በፊት ሐኪምና ያገገመ ሰው ይዩት።

እኛ ባለሱቆችም ድርሻ አለን። ከመካከላችን ቢራ የሚሸጥ ብዙ ነው። ገንዘቡን ከተቀበልን ሸክሙንም እንካፈል። ለፊልሙ ሥራ እናዋጣ፤ ሲያልቅም በየሱቃችን ባለው ቴሌቪዥን እናሳየው። ደንበኛ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የምናውቅ እንሁን።

ፊልም ግን ብቻውን አያድንም። ፊልሙን አይቶ «እኔም እንዲህ ነኝ» የሚል ልጅ ቢመጣ በወሬ ሳይሆን በእጃችን እንቀበለው። ለለቅሶ የምንዘረጋውን ድንኳን ያህል ልባችንንም ለቆመ ሰው እንዘርጋ። ሞቶ ከምናለቅስለት በሕይወት ሳለ ብንደርስለት ይሻላል።

ፈጣሪ ማኅበራችንንና ልጆቻችንን ይጠብቅልን።