«ስሜን ለማን ልትሰጪው ነው?»



እ.ኤ.አ. በ2008 ለባራክ ኦባማ ስንቀሰቅስ፣ እኛ የሕክምና ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሜን ቨርጂኒያ የሐበሻውን በር እናንኳኳ ነበር። ኦባማን ማስወደድ ቀላል ነው፤ ከባዱ የመራጮች መመዝገቢያ ፎርሙ ነበር። ዜግነት የወሰዱ አንዲት እናት «ስሜን ጽፈሽ ለማን ልትሰጪው ነው ልጄ?» አሉኝ። በደርግ ጊዜ ስም ዝርዝር ምን እንዳመጣ ያየ ሰው ጥያቄ ነው፤ በራሪ ወረቀት አይመልሰውም። ቡና እየጠጣን፣ ማንን እንደመረጡ ማንም እንደማያይ አስረዳኋቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ ፈረሙ። ምዝገባው ኦክቶበር 6 ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴሞክራት መረጠች። ልዩነቱ ከ6 በመቶ በላይ ስለነበር እኛ ነን ያሸነፍነው አልልም (የሚል ጓደኛ አለኝ፣ እዚሁ ተቀምጧል!)። ካስመዘገብናቸው ለአንዳንዶቹ ግን በሕይወታቸው የመጀመሪያው ድምፅ ያ ነበር።